ለፊልም የመጣ መርዶ

ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ እኔ ገና እስኪጀመር እየጠበቅኩ ነበር። ነገሩ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የከተማችን ወጣቶች ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው ያቀናበሯቸውን ፊልሞች ያሳያሉ ተብሎ፣ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ፊልም ላይ አንድ ጎረምሳ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝናብ ያያል። ዝናቡ ያባራል፣ ልጁ ይወርዳል፣ ያልቃል። ሰው አጨበጨበ። "ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኳት። "ዝም በይ፣ ማንነቱን እየፈለገ ነው" አለችኝ። ባጃጁ ውስጥ ጥሎት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

ሁለተኛው ፊልም ላይ አንዲት ልጅ አባቷ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቷ ደግሞ ከላንቴ መንደር ሙዝ እያመጣች የምትሸጥ ሴት መሆናቸውን ትናገርና፣ የቀረውን ጊዜ ፀጉሯን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እየሠራች ትፈታዋለች። ሦስተኛው ላይ ጫሞ ሐይቅ ዳር መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ነበር። እሱን ወድጄው ነበር፤ ቢያንስ ሥራ ይሠራል። በመጨረሻ ግን እሱም መረቡን አስቀምጦ እኛን ትክ ብሎ ያየን ጀመር። ምን እንድናደርግለት እንደፈለገ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ውይይት ተባለ። ማይኩ እየዞረ ሰው ሁሉ "በጣም ነክቶኛል" ይላል። እኔን የነካኝ የወንበሩ ምስማር ብቻ ነበር። ተፈጥሮዬ ሆኖ ያልገባኝ ነገር ያናድደኛል፤ ስናደድ ደግሞ እጄ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ማይኩን ተቀብዬ፣ "እኔ ያለኝ ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው" አልኩ። "ሰው የሚያዝነው አንድ ነገር ሲሆን ነው። ወይ ሞቶበት፣ ወይ ታሞ፣ ወይ ተጣልቶ። እናንተ ፊልም ላይ ግን ሰው መርዶ እንኳን ሳይደርሰው ሐዘን ይቀመጣል። ይሄ እንዴት ነው?" አዳራሹ ሳቀ። ጓደኛዬ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

ስንወጣ የመረብ ጠጋኙን ፊልም የሠራችው ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ። ትምህርት ቤታችን የተማረች፣ አዲስ አበባ ሄዳ የፊልም ሥራ ተምራ የተመለሰች ቀጠን ያለች ልጅ ናት። የተቆጣች መስሎኝ ምላሴን ስዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ዝግ ብላ፣ "ቲቸር፣ አንቺ መርዶ ሳይመጣልሽ አዝነሽ አታውቂም?" አለችኝ።

ጓደኛዬን በቃ ሂጂ አልኳትና ከልጅቱ ጋር መንገድ ጀመርኩ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ጨንቻ ከነበረው ቤታችን ተነስቶ ሊሠራ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ የእኛ አገር ሸማኔ ሁሉ እንደሚያደርገው። ለተወሰነ ጊዜ በሰው እጅ ሰላምታም ዕቃም ይልክ ነበር። በኋላ የሸማ ንግድ ይዞ ወደ ሞያሌ ወርዷል ተባለ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። አንዱ ሻሸመኔ መናኸሪያ አየሁት ይላል፤ ሌላው ድንበር ተሻግሮ ሱቅ ከፍቷል ይላል፤ ሌላው ደግሞ በወባ ሞቷል ሲሉ ሰማሁ ይልና፣ የእናቴን ፊት ሲያይ "እኔንጃ፣ ሌላ ሰው ይሆናል" ብሎ ነገሩን መልሶ ይውጠዋል። እናቴ እኔን አንድ ልጇን ይዛ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች። ሲቀላ ገበያ ቅቤና ቡላ እየሸጠች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ጥቁር አልለበሰችም፤ ለቅሶም አልተቀመጠች። ላግባሽ ብሎ ሰው ሲልክባት "ባል አለኝ" እያለች መለሰች።

እኔም እሷ እየጠበቀችው ማልቀስ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ዝምታው አብሮኝ አደገ። ሰው "አባትሽስ?" ሲለኝ እንደ ጠያቂው ፊት ነው የምመልሰው፤ ለአንዱ "ሩቅ አገር ነው"፣ ለሌላው "ዐርፏል"። ሁለቱንም ስናገር የዋሸሁ ይመስለኛል። የትኛው ውሸት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ከሴቻ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ስንወርድ ለልጅቱ ዘረገፍኩላት። ለእናቴ ያልነገርኩትን በቅጡ ለማላውቃት ልጅ ለምን እንደነገርኩ ዛሬም አይገባኝም። ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ "ይሄ ፊልም ነው፣ ቲቸር" አለች። እምቢ ማለት ሲገባኝ "እስቲ እናያለን" አልኩ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች "እናያለን" ማለት "ነገ ነይ" ማለት መሆኑን አላወቅኩም።

በማግስቱ ትንሽዬ ካሜራዋን ይዛ መጣች። "እኔ የለሁም በይና እንደ ወትሮሽ ሁኚ" ትለኛለች። ያኔ ነው ወትሮዬ የጠፋኝ። ልብስ ሳሰጣ ቀሚሱን ነው አንሶላውን የማስቀድመው? ክፍል ስገባ ተማሪዎቼን የምቆጣው በየትኛው ድምፄ ነው? ግራ ገብቶኝ ሳልቆጣ ስውል ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አሞሻል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። የቀረጸችውን ስታሳየኝ ደግሞ ዝም ባለች ቁጥር ከንፈሯን የምትነክስ አንዲት ሴት አየሁ። "ይህቺ እኔ ነኝ?" አልኳት። "አንቺ ነሽ።" "እኔ ከንፈሬን አልነክስም እኮ" አልኩና እየነከስኩ ዝም አልኩ።

እናቴ ካሜራውን እንደ እንግዳ ነው የተቀበለችው፤ ሙዝ አላቀረበችለትም እንጂ። "ፊልሙ ስለምንድነው?" አለችኝ።

"ስለ እኔ ነው።"

"ስለ አንቺ ምን አለ?" አለችና ቅቤዋን ማጠብ ቀጠለች። እኔም እኮ እሱን ነው የምጠይቀው አላልኳትም።

አንድ ቀን ልጅቱ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። ያልመጣልሽን መርዶ እናምጣው አለች። ሁለት አዛውንቶች በማለዳ ይመጣሉ፤ አባትሽ ዐርፏል ብለው ይነግሩሻል፤ እኔ ፊትሽን እቀርጻለሁ። "ማልቀስ የለብሽም፣ ቲቸር። የተሰማሽን ሁኚ" አለችኝ። ምን እንደሚሰማኝ እኔም ማወቅ ፈለግኩ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ለፊልሙ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ እናቴ ቤት እንዳትኖር። እናቴ አራስ ዘመድ ልትጠይቅ ጨንቻ በወጣች ማግሥት እንዲሆን ተስማማን።

እዚሁ ተወልደን እዚሁ ያደግን ሁለት ሴቶች ቀጥሎ የሚመጣውን እንዴት እንዳላሰብነው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች ዝግ ብለው ወደ አንድ በር ሲሄዱ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ሰፈር ሕፃን ያውቃል። መርዶ በዚያ ሰዓት ነው የሚነገረው፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን። ጎረቤታችን ደጇን ስትጠርግ አየቻቸው። መጥረጊያዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ከአጥራችን ጥግ ቆማ ጠበቀች። እኔ ገና አልተነገረኝም፤ እሷ ሐዘን ገብታለች።

አዛውንቶቹ የልጅቱ አጎትና የአጎቷ ጓደኛ ናቸው። ጋቢውን ያስለበሰቻቸው እሷ ናት፤ ለዓይን ያምራል ብላ። ገብተው ተቀመጡ። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጄ፣ አባትሽ ዐርፏል" አሉኝ። ቃሉን የመረጥኩላቸው እኔ ራሴ ነበርኩ። ሞቷል አይበሉ፣ ይከብደኛል፣ ዐርፏል ይበሉኝ ብያቸው ነበር።

ከዚያ የወጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬን ሲያመኝ ነው። "አባዬ" እያልኩ ነበር። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ከጠራሁት ስንት ዘመኑ። አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ጠፋ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፀጉሬ ተፈታ፣ እጄ ደረቴን መታ። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ስሄድ ተደብቆ ሲማር የነበረ ሰው በውስጤ ያለ ይመስል ነበር።

በሩ ተበረገደና ጎረቤታችን ገባች፤ ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች። ያኔ ትንሽ ነቃሁ። "ተዉ፣ ውሸት ነው" አልኳቸው። "አልሞተም፣ ውሸት ነው፣ ፊልም ነው።" ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሴቶቹ ምን እንዳሉኝ አይጠፋውም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ጎረቤቴ ሁለት እጄን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ "አዎ የእኔ እናት፣ ውሸት ነው፣ ውሸት ነው" እያለች አብራኝ አለቀሰች። ከኋላ አንዷ ለሌላዋ፣ "እንደ ፊልም ነው የሆነብኝ ማለቷ ነው" ብላ ስታስረዳ ሰማሁ።

ካሜራውም አላዳነንም። ዛሬ ዛሬ ለቅሶ ሁሉ ይቀረጻል፤ ውጭ ላለ ዘመድ ይላካል። "ጎበዝ ልጅ፣ ከመነሻው ደርሳለች" ተብላ ተመሰገነች። ልጅቱ "ስሙኝማ" እያለች ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስትሄድ ዕንባዋን የምትጠርግላት እንጂ የምትሰማት አላገኘችም። አዛውንቶቹ ደግሞ ሥራቸው ያለቀ መስሏቸው ወጥተዋል። መርዶ ነግሮ የሚወጣን ሽማግሌ ቆም ይበሉ የሚል ሰው የለም። እኔ ቀና ብዬ አንድ ረጋ ያለ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሁሉም በዚያው ያበቃ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ግን የሚወጣው ልቅሶ ነው። የማላቆመው ማቆም ስላልቻልኩ ይሁን ስላልፈለግኩ፣ ያኔም አልለየሁትም፣ አሁንም አልለየሁትም።

ጡሩምባው ተነፋ። ፀሐይ ጠንከር ሳትል የእድሩ ወጣቶች ደጃችን ላይ ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ ደረደሩ፤ ጓሮ ውስጥ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ተጣደ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው መዝሙር ጀመሩ። የእድሩ ዳኛ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ለእናቴ ስልክ ያስደወሉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት፣ "ልጅሽን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ውረጂ" ተባለች። ልጅሽን አሟታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ደግሞ ታውቃለች።

ልጅቱ በመጨረሻ ዳኛውን ለብቻቸው ይዛ ነገሩን ካስረዳቻቸው በኋላ ነው ይህን የሰማሁት። እናቴ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እኔን እያለቀሰች እየወረደች ነው። ደወልን፤ ስልኳ አይነሳም። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። "እድራችን ለቀልድ ድንኳን ተክሎ አያውቅም" ይላሉ፤ ደግሞ ወደ እኔ ያዩና፣ "ግን ይህቺ ልጅ እየቀለደች አይደለም" ይላሉ። እሳቸውም እንደኔው ነገሩ ዞሮባቸው ነበር።

እናቴ በአይሱዙ መጣች፤ የጨንቻ ዘመድ ከላይ ተጭኖ። ማንም ሳይደግፋት ወረደች። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ከዚያ እኔን ፀጉሬ ተፈትቶ ፊቴ አብጦ ቆሜ አየችኝ። መጥታ ጉንጬን ያዘችኝ፣ ጆሮዬን ያዘችኝ፣ ክንዴን ጨመቀችው። ገበያ ላይ ቅቤ ስትፈትሽ እንደዚያ ነው የምታደርገው። "አለሽ" አለች በጋሞኛ። "ታዲያ ማነው?"

"አባዬ ነው" አልኳት። "ግን መርዶ አልመጣም። ለፊልም ብለን ነው።" የተናገርኩት ነገር ለራሴም ትርጉም አልሰጠኝም። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ደግማ ጉንጬን ዳሰሰችና ዕንባዬን በመዳፏ ጠረገችው።

ሽማግሌዎች ከድንኳኑ ጀርባ ተሰበሰቡ፤ እኛም ተጠራን። ከጨንቻ የወረደው የአባቴ ታላቅ ወንድም በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ጎሜ ነው አለ። ጎሜ በእኛ ዘንድ በቤተሰብ ላይ መዘዝ የሚያመጣ ጥፋት ነው፤ ጴንጤ ሆነን እንኳን ቃሉ ሲነሳ ድምፃችን ዝቅ ይላል። "ድንኳኑ ይፍረስና ይቅርታ ይጠየቅ" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ "የሞተን ሰው ሳያለቅሱለት ድንኳኑን ማፍረስም ጎሜ ነው" አለ።

"ታዲያ የትኛው ነው?" አሉ ዳኛው። "ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ በአደባባይ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አጎቴ ጋቢውን ወዲህ አደረገ ወዲያ አደረገ፤ "እኔ ምኑን ልበል" አለ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ እናቴ ላይ አረፈ። ባል አለኝ ትበል ባሌ ሞቷል ትበል፣ ከእሷ በቀር የሚወስን አልነበረም። እኔ በልቤ አፍርሱት በይ፣ አፍርሱት በይ እላለሁ። ጨክና እኔን ብትቆጣኝ፣ ነገ ተመልሳ እንደ ወትሮዋ ብትጠብቀው ይሻለኝ ነበር።

"ድንኳኑ ይቁም" አለች እናቴ። ሻሿን ፈታች፣ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ ሴቶቹ መሀል ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

ሰው "ጌታ ያጽናናሽ" ሲላት "አሜን" እያለች ተቀበለች። ደግሞ አወራች። አባቴ ለብ ያለ ምግብ እንደማይወድ፣ ሸማ ሲሠራ ዜማውን እያበላሸ እንደሚዘምር፣ ሲያገባት ከእሷ ወንድሞች ይልቅ እናቷን ይፈራ እንደነበር ተናገረች። ሴቶቹ በዕንባቸው መሀል ሳቁ። እኔ ይህን ሰውዬ ሰምቼው አላውቅም። ልጅቱ ካሜራዋን ዘግታ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። እናቴ አየቻትና፣ "ከፍተሽው ነበር አይደል? አትዝጊው" አለቻት። ለፊልሙ ብላ ትሆን? በእኔ ተናዳ ይሆን? ወይስ ሕዝቡን አሳፍራ መመለስ ከብዷት ይሆን? አጠገቧ ተቀምጬ ከፊቷ ላይ አንዱንም ማንበብ አቃተኝ።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም እናቴ የለበሰችውን ጥቁር አላወለቀችም። ገበያ በጥቁር ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን በጥቁር ትሄዳለች፤ አባቴን ስታነሳ "ሟቹ ባሌ" ትላለች። እኔ ከክፍል ክፍል ጥፋቴን ይዤ እዞራለሁ። አንድ ሰው ባሏን ስትጠብቅ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ላይ መርዶ ሲፈጥርባት ምን ይባላል? አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው በር አንኳኩቶ ቢገባ ብዬ አስባለሁ። የለቅሶውን ንፍሮ በልተን ጨርሰንበት፣ በሕይወት አለሁ ቢለን ምን እንለዋለን? ጥያቄውን ለእናቴ ላቀርብ ብዙ ጊዜ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ "ምን ፈለግሽ?" ስትለኝ "ጨው" እላለሁ። ቤታችን ጨው ሞላ።

ልጅቱ ፊልሙን ስትጨርስ እናትሽ አይተው ካልፈቀዱ ለማንም አላሳይም አለች። አንድ እሑድ ከአምልኮ መልስ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የሲቀላ ሙቀት ቤቱን እንደ ምድጃ አድርጎታል፤ ስክሪኑ እንዲታይ ግን መጋረጃውን ዘጋን። እናቴ መነጽሯን አደረገች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንደ ስብከት ሰሚ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

ልብስ አሰጣለሁ። ተማሪዎች እጅ ያወጣሉ። ከንፈሬን እነክሳለሁ። እናቴ ቅቤ ስታጥብ ራሷን አየችና "ጀርባዬ ጎብጧል" አለች። ከዚያ ማለዳው መጣ፤ አዛውንቶቹ ተቀመጡ፣ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን እናቴ አላየችውም፤ ስትደርስ እኔ አልቅሼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። አሁን ከላፕቶፑ ውስጥ "አባዬ" የሚል ጩኸት ወጣ። የትልቅ ሰው ጩኸት አይደለም። የሕፃን ነው። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

"አቁሚው" አለች እናቴ። ልጅቱ አቆመችው። አበቃ፣ አትፈቅድም አልኩ በልቤ፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ይህን ሁሉ ልቅሶ የት አስቀምጠሽው ነበር?"

"አንቺ እየጠበቅሽው እንዴት ብዬ ላልቅስ?"

መነጽሯን አወለቀች። "ማን? እኔ?"

"ባል አለኝ ትዪ አልነበር?"

"እሱማ ለሰው ነው። መች ሌላ ባል ፈለግኩ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ እኮ ጨንቻን ስለቅ ነው ተስፋዬን የቆረጥኩት። እዚህ ስንገባ ልቀመጥለት፣ ሰው ልጠራለት አስቤ ነበር። ግን አንቺ፣ እሱ ሸምኖ የላከልሽን ቀሚስ አላወልቅም አልሽ። አጠረሽ፣ ብብትሽ ሥር ተቀደደ፣ ሌላ ባመጣልሽ አልለብስም አልሽ። ሲመጣ በምን ያውቀኛል አልሽኝ። እንዲህ የምትል ልጅ ይዤ ድንኳን ላስተክል? ቁርጧን ያወቀች ቀን አብረን እናለቅሳለን ብዬ ጠበቅኩሽ። ሳትነግሪኝ አደግሽ።"

እናቴ ወደ ልጅቱ ዞራ፣ "ያን ቀን ከመኪና ስወርድ አልቅሳ ሳያት፣ መጀመሪያ በመኖሯ፣ ቀጥሎ በማልቀሷ አመሰገንኩ። አሳዪው፣ ልጄ" አለቻት።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አባቴን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ቀሚሱን ለማስታወስ ሞከርኩ። ያንን ያህል የለበስኩትን ልብስ፣ በሱ ይወቀኝ ያልኩትን፣ ጭራሽ አላስታውሰውም።

"ቀለሙ ምን ነበር?" አልኳት።

"ቀይ" አለች። መነጽሯን በቀሚሷ እየጠረገች፣ "አይ፣ ቢጫም ነበረበት" አለች። ከዚያ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፣ አሰበች፤ እሷም እርግጠኛ አልሆነችም።